የአሥራ ሰባት ዓመት ልምድ በአሥር ገጽ

ሰኞ 3

ዛሬ ባለሙያ አለመሆኔ በደብዳቤ ተነገረኝ። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጩ ለአራት ክፍሎች ተደርጓል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ፣ ባልና ሚስት ስገላግል፣ ሰብሳቢ ያጣ ልጅ እጁን ይዤ ስዞር፣ አንድም ቀን ባለሙያ ነሽ ያለኝ አልነበረም። ስለዚህ አይደለሽም መባሉ ያስከፋኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አልከፋኝምም። ለመዝገብ ያህል ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የማህበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል ከፈተ። ትምህርት ክፍል ካለ ዲግሪ አለ፤ ዲግሪ ካለ ዲግሪ የሌለው አለ። ከእንግዲህ «የማህበራዊ ሥራ ባለሙያ» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዲግሪ ያለው ብቻ ነው። ዲግሪ የሌለን ነባሮች (በቢሯችን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ወይ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ሞተዋል፣ ሁለቱም ብልህነት ነው) አንድ ዕድል ተሰጥቶናል። ከሠራነው አንድ ጉዳይ መርጠን፣ በአሥር ገጽ ጽፈን፣ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ፊት አስረድተን ካለፍን «በልምድ የታወቀ ባለሙያ» የሚል ወረቀት ይሰጠናል። ካላለፍን ወደ መዝገብ ቤት። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣል፤ ወንበሩን እያሞቀልኝ ነው።

ከታይፒስትነት ነበር ወደዚህ ጠረጴዛ ያመጡኝ። «ሆደ ቡቡ ነሽ፣ እዚያ ተቀመጪ» አሉኝ። ያኔ የመግቢያ ፈተናው ሆድ ነበር።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሲሰጠኝ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ምን ይቸግርዎታል፤ አንድ ጉዳይ አይጠፋም» አለ።

ጉዳይስ አይጠፋም። የጠፋው ፋይሉ ነው።

ሐሙስ 6

መዝገብ ቤት ወረድኩ። ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የኔን መደርደሪያ አሳየኝ። በሌሎቹ ላይ ፋይል ተጠቅጥቋል። በኔ ላይ ድመት ወልዳለች።

«አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ወረቀት አላወረድሽልኝም» አለኝ። «ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ለእሷ ሰጠኋት።»

«ሁሉም እዚህ ነው» ብዬ ጭንቅላቴን መታ መታ አደረግሁ።

«እንግዲያው እሱን ትተሽልኝ ሂጂ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ።»

ሰነፍ ሆኜ አይደለም ያልጻፍኩት። ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያለቀሰ እኔ «ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቤተሰብ ብዛት» እያልኩ ቅጽ ልሞላ? ነውር ይመስለኝ ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። በዚህም ዝነኛ ነበርኩ፤ «ወደዚያችኛዋ ሂዱ፣ እሷ አትጽፍም» ይባባሉ ነበር ወረፋ ላይ።

ያልተጻፈ ነገር ሌላም ጥቅም አለው። ማንም አያርመውም። ይህ ግን ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ።

ረቡዕ 12

የመክፈቻ ትምህርት። ነባሮች በክብር እንግድነት ተጋብዘዋል፤ ነባሮች ሆኜ ሄድኩ። ከፊት አስቀመጡኝ።

መምህሩ ጎልማሳ እንኳ አልሆነም፣ ዶክተር ግን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ «ማዕቀፍ» ስለሚል ዶክተር ማዕቀፍ ብዬዋለሁ። «ድህነትን ያለ ማዕቀፍ ማየት አይቻልም» አለ። እኔ ያለ ማዕቀፍ አይቼዋለሁ፤ ወለል ብሎ ይታያል።

የሙያውን ታሪክ ሁለት ሰዓት ተረከ። እንዳይጠፋብኝ ባጭሩ ልጻፈው። በመጀመሪያ ባለጸጋ ወይዛዝርት እርዳታ የሚገባው ድሃ የትኛው ነው ብለው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። ከዚያ ያዩትን መጻፍ ጀመሩ። የጻፉት ደመወዝ ጠየቁ። ደመወዝ ያገኙት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከዚያ አንድ ክፉ ሰው ተነስቶ «ይህ እውን ሙያ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እሱን ለመመለስ መጻሕፍት ተጻፉ፤ መጻሕፍቱ ሲበዙ የጥናት ዘርፍ ሆነ። አሁን ዙሩ ሞልቶ ትምህርት ቤቱ እኔ ቤት መጥቶ ቆሟል፦ ይገባታል ወይስ አይገባትም?

«ጥያቄ?» አለ ዶክተሩ።

ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሳች፤ ቀጭን፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ የያዘች። «ሲጎበኙ የነበሩት ድሆች ስለ ጎብኚዎቹ የጻፉት አለ?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው ማለት መልስ የለኝም ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ልጅቱ ግን መልስ ያገኘች ይመስል ጻፈችው።

እሑድ 16

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ለእሱ የዓለም ችግር ሁሉ ወይ መሳፈር ነው ወይ መውረድ።

«አንድ መምረጥ ምን ያስጨንቃል? ይህን ያህል ዘመን ሰው ጭነሻል፣ አንድ በደህና የወረደ አይጠፋም።»

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አርባ ያህል አስታወስኩ። ያስታረቅኋቸው ተመልሰው ተጣሉ። ሥራ ያስገባሁት ሰረቀ። ቤት ያስገኘሁላት አሮጊት በሳምንቷ ሞተች፤ ንጹሕ አንሶላ ላይ ነው የሞተችው፣ ይህ ግን አሥር ገጽ አይሞላም።

«የልብስ አጣቢዋ ልጅስ?» አለ። «ፎቶ የተነሳሽባት።»

ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች፣ ሁለቱ አሳዳጊዎች፣ መሀል ላይ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ዳር ላይ እኔ። ጥርሴን ብልጭ አድርጌያለሁ።

«እሷማ የድሮ ናት።»

«ቢሆንስ? ደህና አልወረደችም?»

«ደህና ናት» አልኩት። ትንሽ ቶሎ ነው ያልኩት መሰለኝ፤ ቀና ብሎ አየኝ።

ማክሰኞ 18

ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ ተበተኑ። ለኔ የደረሰችኝ ያቺ ጠያቂዋ ናት። ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የማልጽፈውን ሁሉ ትጽፋለች። ባለጉዳይ ሲያስነጥስ ሰዓቱን ትመዘግባለች። እሜቴ ብዕር ብዬ ሰየምኳት፤ ለራሷም ነገርኳት፣ እሱንም ጻፈችው።

አገጯ ከዚህ ቀደም የማውቀው ይመስለኛል። በዚህ ሥራ ስንት ሺህ አገጭ አይቻለሁ።

ዓርብ 21

ሩጫ። ዝናብ። ከእሜቴ ብዕር ጋር የቤት ጉብኝት፤ ከሠፈር ተኳርፎ በር አልከፍት ያለ ሽማግሌ። እኔ አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ በሩን ሳታይ፣ ጫማዋ ውሃ እንደሚያስገባ ለራሷ ማውራት ጀመረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ በስንጥቅ ተከፍቶ ሽማግሌው «በምን ሰፍተውት ነው ለመሆኑ?» አለ። ጫማ ሰፊ ነበር ለካ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት ስንመለስ።

«እርስዎ። ትናንት ለዚያች ሴትዮ እንዲህ ነው ያደረጉት።»

አላስታውስም። ደስ ግን አለኝ። ጃንጥላውን ወደ እሷ አጋደልኩት። «ምን አስበሽ ነው ይህን የገባሽበት? ውጤት አልመጣልሽም?»

«መጥቶልኛል። ልጅ ሆኜ አንዲት ሴት ናት ለአሳዳጊዎቼ የሰጠችኝ። ወላጅ እናቴ ትታኝ ሄዳ። ደግ ሴት ነበረች ይሏታል። እሷን ልሁን ብዬ ነው።»

«ስሟን ታውቂያለሽ?»

«እነሱም አያውቁትም። ወዲያው ከተማ ለቀን ሄድን። እትዬ ነበር የሚሏት።»

እትዬ ያልተባለች ማን አለች? በየቢሮው ያለች አሮጊት ሁሉ እትዬ ናት። ወሬውን ወደ ጎርፉ መለስኩት።

ሰኞ 24

መጻፍ ጀመርኩ። ሌላ ጉዳይ ልመርጥ ነበር፤ ጊዜ የለም።

ዶክተር ማዕቀፍ የምስጢር አጠባበቅ መመሪያ ሰጥቶኛል። የባለጉዳይን ማንነት የሚገልጽ ነገር ሁሉ ይለወጥ ይላል፦ ስም፣ ሠፈር፣ መተዳደሪያ። ለወጥኩ። ልብስ አጣቢዋን ዳቦ ሻጭ አደረግኋት። የሳንባ ሕመሟን የወገብ ሕመም አደረግሁት። ልብስ ሰፊውን አሳዳጊ አናጺ አደረግሁት። ያለ አንዳች ችግር ሰው ከሰው ለወጥኩ። በዚህ በኩል ተሰጥኦ አለኝ።

ቅዳሜ 29

ባለቤቴ ቤት የለም፣ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ነገሩ ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል። አንዲት እናት ብቻዋን የምታሳድጋት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ሆስፒታል መተኛት ስላስፈለጋት ልጅቱን ለሦስት ወር የሚያቆይላት ሰው እንድፈልግ ጠየቀችኝ። ልጅ የሌላቸው ደህና ባልና ሚስት አገኘሁ። ልጅቱ የመጣችው ሰባት የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ነው፤ በየሄደችበት መሬት ላይ ትደረድራቸዋለች፣ ይህ አባት፣ ይህች አክስት እያለች። በሁለተኛው ወር ከመቆንጠጫዎቹ አንዱን የአሳዳጊዋን ስም ሰጠችው። ይህቺን ስጽፍ ራሴ አለቀስኩ፤ መቼም ሆደ ቡቡ ነኝ። ልጅቱ እዚያው አደገች። ትምህርት ቤት ገባች።

እናትየዋን በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያስፈለገኝ። እሱን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ድሮ በአፌ ብናገረው ኖሮ እከሊት እንዲህ አደረገች፣ እኔ እንዲህ አልኩ ማለት ነበረብኝ። የትምህርቱ ቋንቋ ግን ምን የመሰለ ነገር ነው። ማድረግ አለ፣ አድራጊ የለም። ጻፍኩ፦ «በሂደት በወላጅ እናትና በተቋሙ መካከል የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል።»

አነበብኩት። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልበደለም፣ ማንም በር ላይ አልቆመም። ወደዚህ ሙያ ዘግይቼ በመግባቴ ተቆጨሁ።

ረቡዕ 3

ዶክተር ማዕቀፍ በደስታ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ይህ ዕንቁ ነው። የመቆንጠጫዎቹ ነገርማ፣ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ከአገር ቤት ጉዳይ እንድናስተምር ስንመኝ የኖርነው ይህን ነው። በማስተማሪያ ጥራዛችን እናትመዋለን። ለተማሪዎቹም ዛሬውኑ አድላለሁ።»

«ቸኮልክ ዶክተር።»

«ግንኙነቱ ተቋርጧል ባሉት ላይ ብቻ ትንሽ ቢያሰፉ።»

«ምን ላስፋ? ተቋርጧል አልኩ።»

«ይበቃል፣ ይበቃል» አለ። ተሸክሞት ሄደ። ሳቄ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ዘንድሮ እንዲህ ያመሰገነኝ የለም። ከዘንድሮ በፊትም።

ማክሰኞ 9

እሜቴ ብዕር ሁለት ቀን አልመጣችም። ታምማ ነው አሉ። ያ ሽማግሌ ጫማዋን እሰፋለሁ ብሎ ጠይቋታል። አልመጣችም አልኩት። ባዶ ወንበር ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቢሮው ይሰፋል፤ አልወደድኩትም።

ዓርብ 12

መጣች። የታተመውን ወረቀት ይዛለች። ባለጉዳዮቹ እስኪያልቁ ጠበቀች።

«እትዬ፣ አንድ እርማት አለኝ።»

«በይ እስቲ።»

«መቆንጠጫዎቹ ሰባት አይደሉም። ዘጠኝ ናቸው። ቤት አሉ።»

 አፌ ቀደመኝ። «አስተካክላለሁ» አልኳት።

«ዳቦ ሻጭ ነበረች ይላል።»

«ለምስጢር አጠባበቅ ነው። ልብስ አጣቢ ነበረች።»

«ለምስጢር አጠባበቅ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ?»

ስልክ ጮኸ። በሕይወቴ ስልክ እንዲህ በፍቅር አንስቼ አላውቅም። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ደዋዩ ይቅርታ ብሎ ሊዘጋ ሲል ጤንነቱን ጠየቅሁት። ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

ቅዳሜ 13

ገጽ አራት ላይ «ሰባት» የሚለውን ሰርዤ «ዘጠኝ» አደረግሁ። ጥራት ማለት ይህ ነው።

ሙያዋን ለወጥኩ፣ ሕመሟን ለወጥኩ፣ ባሏን ሳይቀር ልጨምርላት ነበር። መቆንጠጫዎቹን ተውኩ፤ ደስ ስለሚሉ። ሰውን የምደብቀው ሰው በማያየው በኩል ነው፤ በሚታየው በኩል አምሬ ልወጣ ስል ተያዝኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ብብቴ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ረስቼ ነበር።

አገጩ የእናቷ ነው።

ሐሙስ 18

ጉባኤው። ሦስት ሰዎች፦ ዶክተር ማዕቀፍ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች ደረቅ ሴትዮ፣ ከመግቢያዬ ጀምሮ የተኙ አንድ ፕሮፌሰር። ተማሪዎች ከኋላ። ከመግባቴ በፊት እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት በር ላይ ለባለቤቴም «ዛሬ እንደምንም» ብዬዋለሁ። ሱፍ ልብሱን ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል።

ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ። ሁለት ጊዜ «ማዕቀፍ» አልኩ፤ ዶክተሩ እንደ ሙሽራ አባት አየኝ። ደረቋ ሴትዮ ጻፈች።

«ከተማሪዎች ጥያቄ?»

እሷ ተነሳች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «እናትየዋ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ስንት ጊዜ ወደ ቢሮ መጣች?»

ክፍሉ ጸጥ አላለም፤ እውነቱን ለመናገር ማንም ጥያቄው ጥያቄ መሆኑን አላወቀም። የወንበር ድምፅ ነበር። ባለቤቴ አፍንጫውን ተናፈጠ።

«ይህ አልተሰነደም» አልኩ።

እውነት ነው። አልተሰነደም። እኔ ነኝ ያልሰነድኩት።

«ይህ ራሱ የሰነድ አያያዝን አስፈላጊነት ያሳየናል» አለ ዶክተሩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ፕሮፌሰሩ ነቅተው አጨበጨቡ። አለፍኩ።

እሑድ 21

ባለቤቴ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ከፎቶው አጠገብ ሰቀለው። «አሁን ቢሞቱም አይቆጭ» አለ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አያለሁ። እንግዲህ ማስታወሻ ደብተር የሚባለው ለማን ነው የሚጻፈው? ልጻፈው።

እናትየዋ በአራተኛው ወር ወጣች። በማግስቱ ቢሮ መጣች፤ የልጇን ልብስ ተኩሳ በፌስታል ይዛለች፤ ሁሉም ለልጅቱ ጠቧታል፣ እሷ ግን አታውቅም። «ልወስዳት ነው» አለች። ያን ሳምንት ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች የልጅቱን አቀባበል ሊያዩ ይመጡ ነበር። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በጭንቅ ያገኘሁት የመጀመሪያ ስኬቴ ናት። «ለመድ ብላለች፤ ለሳምንት ታገሺኝ» አልኳት። እሺ አለች። እሺ ባትል ኖሮ ምን ነበረበት? ይኸው፣ አሁን ደግሞ እሷን ልወቅስ።

ከሳምንት በኋላ መጣች። አሳዳጊዋ አልቅሳብኝ ነበር። «ትምህርት ዘመኑ ይለቅ» አልኳት። ደግሞ መጣች። «ገና ሳንባሽ አልጠናም» አልኳት። ደግሞ። ጠረጴዛዬ ትይዩ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ባለጉዳይ በበዛ ቀን ቦታ ለሌላ ትለቃለች። እንደዚያ ሰው የምታከብር ሴት ነበረች። አሳዳጊዎቹ ከተማ ሲለቁ አድራሻ እንዳይሰጡኝ እኔ ነኝ ያልኳቸው፤ «አድራሻቸውን አላውቅም» ስላት እንዳልዋሽ። ጥንቃቄዬን ተመልከቱልኝ።

አሥራ አንድ ጊዜ ነው። በመጨረሻው አልገባችም። ዘበኛውን «ደህና ናት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለችው። «ደህና ናት በላት» አልኩት። በመስኮት አየሁ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ቀስ በቀስ ለራሴ እናት ትታት ሄደች አልኩ። ከዚያ ለሌሎች። ከዚያ ማመኑን ሌሎች ያዙልኝ።

ሰኞ 22

እሜቴ ብዕርን አስቀምጬ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ፌስታሉን ጭምር። ታለቅሳለች ብዬ ውሃ ቀድቼ ነበር። አላለቀሰችም። ብዕሯን አወጣች።

«ቀኖቹን ንገሪኝ።»

አንቺ አለችኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበርኩ።

«ቀኖቹን አላስታውስም።»

«ሁሉም ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው ስትይ ነበር።»

«የዝናብ ወቅት ነበር፣ የመጨረሻው።»

ጻፈችው። ከዚያ «በሕይወት አለች?» አለች። አላውቅም አልኳት። ሁለታችንም አግዳሚውን አየን፤ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች።

«የጠፉ ሰዎች ክፍል ሄጄ ነበር» አለች። «ጉዳዩን መጀመሪያ ከያዘው ቢሮ ፋይል አምጪ አሉኝ። ፋይል የሌለውን ሰው አንፈልግም። ፋይል ይኑራት።»

«ይህን ከጻፍኩ ወረቀቴ...» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርሰው አፈርኩ። እሷም እንድጨርሰው አልጠበቀችም። ወጣች። አገልግሎታችን ከተጀመረ ወዲህ ውሃ ቀድቼለት ያልጠጣ ባለጉዳይ የመጀመሪያዋ ናት።

ዓርብ 26

ጻፍኩ። አራት ገጽ። አድራጊ አለው፤ «እኔ» ይላል፣ ሃያ ስድስት ጊዜ። ፈረምኩ።

ኃላፊያችን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? ይኸኛው ተቋረጠ ይላል፣ ይኸኛው አቋረጥኩ ይላል። ፊርማው የአንድ ሰው ነው።»

«እኔው ነኝ። ሁለቱም ላይ።»

«ይህቺ ካለፈች የልምድ ወረቀትዎ ይሰረዛል። መዝገብ ቤት ነው የሚወርዱት። ልጅቱ ከሰሰች?»

«አልከሰሰችም።»

«ታዲያ ማን አስገደደዎት?» ከልቡ ነው የጠየቀው።  ማስታወስ እስከምችል ድረስ ማንም አላስገደደኝም፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

ዶክተር ማዕቀፍ ጋ ሄጄ ጉዳዩ ከጥራዙ ይውጣ አልኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ጥራዙ ታትሟል። ተማሪዎቹ እየተማሩበት ነው። ደግሞ ስም የለበት፣ ዳቦ ሻጭ ናት፤ ማን ይጎዳል?»

«ተማሪዎቹ።»

 መጥፎ ሰው አይደለም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። «በሚቀጥለው እትም ላይ፣» አለ፣ «ከሥሩ የማሰላሰያ ሳጥን እናስገባለን። እርስዎ ሦስት መስመር ይጽፋሉ።»

አሥራ አንድ ጊዜ በሦስት መስመር። ማዕቀፉን አገኘሁት።

ሰኞ 6

መዝገብ ቤት። ሽማግሌው ቁልፍ አስረክቦኝ፣ «ከላይ ስትወርጂ ራስሽን ከበሩ ጠብቂ፣ ዝቅ ያለ ነው» አለኝ። የምክር ሁሉ ማጠቃለያ ነው። ሃያ ዓመት ሲወጣና ሲገባ በየቀኑ ተመትቶበታል።

ባለቤቴ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደ። ፎቶውን እኔ አወረድኩ። ምስማሮቹ ቀሩ። «ሌላ ነገር እንሰቅልባቸዋለን» አለ። ያን ቀን ስለ ማሳፈርና ማውረድ ምንም አልተናገረም፤ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ፌርማታ ታልፎ ሰው ሲቀር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ማክሰኞ 14

ከሰዓት በኋላ እሜቴ ብዕር መጣች። ለጠፉ ሰዎች ክፍል የሚሆን ግልባጭ ለመውሰድ። መታወቂያዋን ጠየቅሁ፤ ደንብ ነው። ሰጠችኝ። የመውሰጃ ቅጹን አስፈረምኳት። ተቀመጪ አልኳት፣ ቆማ አነበበች። አራቱንም ገጽ፣ ቀስ ብላ። ስለ ተተኮሰው ልብስ የሚለው ጋ ጣቷን አሳረፈችና ቆየች። አንገቴን ደፍቼ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ላይ ማኅተም አደረግሁ።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። በደብተር ላይ ተለማምጄው ነበር። ቀደመችኝ።

«ፋይል ቁጥር አንድ ይላል።»

«አዎ።»

«ከዚያ ጠረጴዛሽ የወጣ ሌላ ፋይል የለም?»

«የለም።»

ግልባጩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ዝቅ አለች፤ ማንም አልነገራትም። ዞር ብላ «ሌሎቹስ?» አለች።

መልሴን አልጠበቀችም። ጥሩ ጥያቄ ነው ልላት ነበር።

ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ መቶ አቃፊ ጠየቅሁ። «አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ መቶ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ዕቃ ጠባቂው። ሃያ ሰጠኝ። በመጀመሪያው ውስጥ እነማን እንደሚገቡ አውቃለሁ። ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ለሁለት ቤት ነው የሰጠኋቸው። ታላቂቱ የታናሿን የጫማ ክር ታስርላት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ። ስማቸውን እሜቴ ብዕር ከወጣች ጀምሮ ላስታውስ እየሞከርኩ ነው።